የመሪ ላይ ካምቢዮ ጎማ ሲቀደድ፦ መሪው አይፈታም፣ ጎማውም አይጣበቅም

ጥያቄ፦ «ፒክአፕ መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። ካምቢዮዋ ወለል ላይ ሳይሆን መሪው ጎን ነው። እጀታው ወደ መሪ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ተሰነጣጥቆ አሁን ግማሹ ተንጠልጥሏል። አንዱ መካኒክ ‹መሪው ካልተፈታ አይቀየርም› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹አዲሱን በምላጭ ሰንጥቀህ አልብሰውና በማጣበቂያ አጣብቀው› አለኝ። እጀታው ራሱ ሰሞኑን ይወላወላል፣ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ሳደርገውም አንዳንዴ በደንብ የገባ አይመስለኝም። ከስር ሙቀትና ድምፅም ይመጣል። ጎማውን ብቀይር ይሄ ሁሉ ይስተካከላል? በራሴስ ልሠራው እችላለሁ? እስከዚያ ድረስ መንዳትስ?»

ምላሽ፦

ጎማው ማርሽ አያስገባም፣ አያስወጣምም። ሥራው ክፍተት መሸፈን ብቻ ነው። እጀታው እንደልብ እንዲንቀሳቀስ ፕላስቲኩ ቅርፊት ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይተዋል፤ በዚያ ቀዳዳ አቧራ፣ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የፈሰሰ መጠጥ እንዳይገባ ነው ጎማው የተደረገው። ስለዚህ የእጀታው መወላወልም ሆነ ፒ በደንብ አለመግባቱ በጎማው የመጣ አይደለም። ጎማውን ብቻ ቀይረህ ብትተወው፣ የሚኖርህ አዲስ ጎማ የለበሰ የሚወላወል እጀታ ነው። እንዲያውም ጥያቄህን ሳነብ ያሳሰበኝ የተቀደደው ጎማ ሳይሆን «በደንብ የገባ አይመስለኝም» ያልከው ነው። ጎማው ቢዘገይ ችግር የለውም። ይሄኛው ግን አይዘገይም።

መጀመሪያ ለምን እንደተቀደደ እንይ፣ ምክንያቱም አዲሱም በዚያው ምክንያት ሊቀደድ ይችላል። መሪ ላይ ያለ እጀታ ሁለት እንቅስቃሴ አለው። ወደ ራስህ ትስበዋለህ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ታዞረዋለህ። ጎማው ሁለቱንም ይከተላል። ሁልጊዜ የሚታጠፈው በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ስንጥቁም እዚያው እጥፉ ላይ ይጀምራል። ቦታው ደግሞ የፊት መስታወቱ አጠገብ ነው፤ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትውል ጨረሩ በቀጥታ ያገኘዋል፣ የተዘጋው ጋቢና ሙቀት ይጨመርበታል፣ ጎማው ይደርቅና ልስላሴውን ያጣል። ይሄ የዕድሜ ነገር ነው፣ ማንም አያመልጠውም። የሚያመልጡት ነገር ግን አለ፤ ዳሽቦርድ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ የሚቀባው ቅባት። ከነዳጅ ውጤት የተሠሩ ቅባቶችና የሚነፉ ዘይቶች ብዙ ዓይነት ጎማን መጀመሪያ ያሳብጣሉ፣ ከዚያ ያዳክሙታል። ሲያበራ አይተህ ተጠበቀ ትላለህ፣ እሱ ግን እየተበላ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ያንተን የሚመለከት ይመስለኛል። የላላ እጀታ ጎማ ይጨርሳል። ጎማው የተሠራው እጀታው በተወሰነለት መንገድ ሲሄድ ለመከተል ነው። እጀታው ከቦታው ወጥቶ በየአቅጣጫው ሲወዛወዝ ግን ጎማው ያልታሰበበት አቅጣጫ ይሳባል፣ ከቅርፊቱ ጠርዝ ጋርም ይፋተጋል። ስለዚህ ጎማ ከመግዛትህ በፊት የመላላቱን ምንጭ ፈልግ።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ ታኮ አድርግ፣ ሞተሩን አጥፋ። አሁን እጀታውን ሥሩ ላይ፣ ማለትም ወደ መሪ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ላይ ያዝና ቀስ ብለህ ነቅንቀው። ሦስት ነገር ልታገኝ ትችላለህ።

አንደኛው፣ እጀታው ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ የተሰካበት ቀለበት ግን ዝም ብሎ ይቆማል። ይሄ በአብዛኛው የፒን ችግር ነው። እጀታውን ከቀለበቱ ጋር የሚይዘው አንዲት ትንሽ ፒን ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከስስ ብረት የተጠቀለለች፣ ውስጧ ባዶ፣ ጎኗ የተሰነጠቀ ፒን። ከቀዳዳዋ ትንሽ ወፈር ትላለች፣ ስትገባ ትጨመቃለች፣ በዚያ ጭመቃ ነው የምትይዘው። ዕድሜ ሲጫናት ትዝላለች፣ ወይም ቀዳዳው ራሱ በብዙ መነቅነቅ ይሰፋል። ፒኗ ከሆነች ቀላል ነው፣ ጎማውን ስትቀይር አብረህ ትቀይራታለህ። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ግን አዲስ ፒንም ብዙ አትቆይም፤ እጀታው ወይም ቀለበቱ መቀየር አለበት። ቀለበቱ በብዙ መኪኖች ላይ በፈሰሰ ቀላል ብረት የተሠራ ስለሆነ ጠንካራውን ፒን አይችለውም፣ የሚበላው እሱ ነው። ሚስማር ወይም ያገኙትን ብሎን ከትተው የሚነዱ ሰዎች አሉ። እንዳታደርገው። ሚስማሩ ከጊዜ በኋላ ይታጠፋል፣ ቀዳዳውን የበለጠ ያሰፋዋል፣ በመጨረሻ እጀታው እጅህ ላይ ይቀራል። ያኔ የት ቦታ ላይ እንዳለህ አይታወቅም።

ሁለተኛው፣ እጀታውን ስትነቀንቅ መሪውም ዘንጉም አብረው ይነቃነቃሉ። ያኔ የላላው ካምቢዮው አይደለም፣ የመሪው ዘንግ አያያዝ ነው። በተለይ ከፍ ዝቅ በሚል መሪ ላይ፣ መታጠፊያው ውስጥ ያሉ ብሎኖች ይላላሉ፤ በድሮ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። እነዚያን ብሎኖች ለማጥበቅ እውነትም መሪው ይፈታል። ምናልባት የመጀመሪያው መካኒክ ይሄን አይቶ ሊሆን ይችላል መሪ ይፈታ ያለው። ከሆነ ልክ ነው፣ ግን ሥራው ሌላ ሥራ ነው፤ የጎማ ቅየራ አይባልም፣ አንተም ቤትህ የምትሠራው አይደለም።

ሦስተኛው፣ እጀታው ጠንካራ ነው፣ ቀለበቱም ደህና ነው፣ ነገር ግን ጠቋሚው የሚያሳየውና ታች ያለው ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ያለበት ቦታ አይገጥሙም። ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ አድርገህ ጠቋሚው ኤን (ነጻው) እና ዲ መሃል ይቆማል፣ ወይም ፒ ላይ አድርገህ ሞተሪኖው አይዞርም፣ እጀታውን ትንሽ ገፋ ስታደርገው ግን ይነሳል። ይሄ ከመሪ ዘንጉ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ገመድ ወይም ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቡሽ አለች፤ እሷ ስታልቅ እጀታው ይሄዳል፣ ካምቢዮው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ከወለቀች ደግሞ እጀታውን ፒ ላይ ታደርገዋለህ፣ ጠቋሚው ፒ ይላል፣ ታች ያለው ካምቢዮ ግን ዲ ላይ እንዳለ ነው።

ፒ የሚባለው ነገር ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት የብረት ጥርስ ናት፤ ከውጪው ዘንግ ጋር የሚዞረው ጥርሳም ብረት ላይ ገብታ ትይዘዋለች። በደንብ ካልገባች ጫፍ ላይ ትቆማለች። ያኔ መኪናዋ የቆመች ትመስላለች፣ ከዚያ ሞተሩ ወይም ቁልቁለቱ ትንሽ ሲነቀንቃት ትለቃለች። በዚህ ጉዳይ የሚታወቅ ታሪክ አለ። አውቶማቲክ የፎርድ መኪኖች ፒ ላይ ናቸው ተብለው ሞተር እንደበራ ከተተዉ በኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ ሰው ይጎዳሉ የሚል ብዙ ቅሬታ ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስምምነት ላይ ደረሰና ወደ 23 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ላከ። ምክሩ ሦስት ነገር ነበር፤ እጀታው ፒ ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ፣ የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ያንተ እጀታ እስኪስተካከል ድረስ በፒ ብቻ ተማምነህ ከመኪናዋ አትውረድ።

ስለ ሙቀቱና ድምፁ። የላይኛው ጎማ ሲቀደድ ትንሽ ድምፅ ሊጨምር ይችላል፣ ያን ያህል ግን አይደለም። የመሪው ዘንግ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ግድግዳ በስቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ ጎማ አለ፣ ከፔዳሎቹ በላይ። ከስር ሙቀት፣ የሞተር ድምፅና ነፋስ የሚመጣ ከሆነ በአብዛኛው ያ ማሸጊያ ነው የተቀደደው ወይም ከቦታው የወጣው። ባትሪ አብራና ጎንበስ ብለህ እየው። አንድ ሰው ሞተሩ ጋ መብራት ቢይዝልህና አንተ ከጋቢናው ጨለማ ውስጥ ሆነህ ብታይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለ ወዲያው ይታይሃል። የጭስ ሽታ ካለ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የማርሚታ ጭስ ጋቢና ውስጥ መግባት የለበትም፣ ሽታ የሌለው መርዝ አብሮት ይገባል፤ ያኔ ጎማውን ተወውና የጭስ ማውጫውን መስመር አስፈትሽ።

አሁን ወደ ጎማው። የመጀመሪያው መካኒክ መሪ ካልተፈታ ያለው ለአብዛኞቹ ፒክአፖች ትክክል አይደለም። የፎርድ ኤፍ-150፣ የሸቭሮሌት ሲልቨራዶ፣ የዶጅ ራም እያልክ ብትቆጥር፣ በብዙዎቹ የመሪ ላይ ካምቢዮ ዓይነቶች እጀታው በፒን የተያዘ ስለሆነ ከጎን ተስቦ ይወጣል፣ ጎማው ከእጀታው ሥር በኩል ይወልቃል፣ አዲሱም በዚያው ይገባል። መሪውን መንካት ለምን ትፈልጋለህ? መሪው ላይ ኤርባግ አለ፣ ከኤርባጉ ስር ደግሞ መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለልና የሚፈታ ስስ የሽቦ ጥቅል አለ። መሪውን ፈትተህ ያ ጥቅል ከመሃሉ ቢዞርብህ፣ መልሰህ ገጥመህ የመጀመሪያው ሙሉ ማዞሪያ ላይ ይበጠሳል፣ የኤርባግ መብራት ይበራል፣ ጥሩምባውም ሊጠፋ ይችላል። ለአንዲት ቁራጭ ጎማ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የሁለተኛው መካኒክ ሐሳብ ደግሞ ሰነፍ ሐሳብ ነው። ጎማውን ስትሰነጥቀው ጥንካሬው ያለበትን ቦታ ነው የቆረጥከው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል፣ ጎማው ግን በየቀኑ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ማጣበቂያው ይለቃል ወይም አጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይጀምራል። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ቢንጠባጠብ ደግሞ የፍሬቻና የመጥረጊያ ማብሪያው ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል። በናስትሮ መጠቅለል ከዚህ ይሻላል፣ ግን ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ለጥቂት ቀን አቧራ መከላከያ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው፣ ጎኑ ተከፍቶ በክር የሚታሰረው የቆዳ ዓይነት ሽፋንም አለ። ወለል ላይ ላለ ካምቢዮ ሲያምር አይቻለሁ። መሪ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይወፍራል፣ እጥፉ እጀታው መሄጃ ውስጥ ይገባል። የወፈረ ወይም ልኩ ያልሆነ ሽፋን እጀታውን መልሶ ይገፋዋል። ፒ ላይ አድርገህ እጅህን ስትለቅ በአንድ ጣት ያህል ተመልሶ ቢመጣ፣ ያ ሽፋን ውበት ሳይሆን አደጋ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው፤ ለመኪናህ የተሠራውን ጎማ ግዛ፣ እጀታውን አውጥተህ ሳትሰነጥቅ አልብሰው፣ ፒኗንም በአዲስ ቀይራት። ጎማውን ስትገዛ በፎቶ አትግዛ። በሻንሲ ቁጥሩ አስፈልግ፤ ያው የመኪና ዓይነትና ያው ዓመት ሆኖ ከፍ ዝቅ የሚለው መሪ ያለውና የሌለው ጎማቸው ሊለያይ ይችላል፣ እጀታው ጫፍ ላይ ቁልፍ ያለውና የሌለውም እንዲሁ። ከተቆራረጠ መኪና ላይ የወጣ ያገለገለ ጎማ ባይሆን ይመረጣል፣ ያንተ በደረቀበት ዕድሜ የደረቀ ነው። እጀታ ወይም ቀለበት ግን ያገለገለ ብትገዛ ምንም አይደለም፣ ቀዳዳው ክብ መሆኑን ካየህ። በአንዳንድ መኪና ጎማው ለብቻው ላይሸጥ ይችላል፣ ከእጀታው ጋር ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ያኔ ሙሉውን መግዛት ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። የእጅ ፍሬን ይዘህ፣ ታኮ አድርገህ ጀምር። ከዚያ ባትሪ ከመንቀልህ በፊት እጀታውን ወደ መጨረሻው ታችኛ ማርሽ አውርደው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘመናዊ አውቶማቲኮች ቁልፉ ካልተከፈተና ፍሬን ካልተረገጠ እጀታው ከፒ አይወጣም፣ የሚለቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ነቅለህ ከጀመርክ እጀታው ፒ ላይ ይቆለፍብሃል። ታች ሲሆን ደግሞ ፒኗ ወደምትታይበት ቦታ ትመጣለች፣ በብዙዎቹ። መኪናዋ አሁን በፒ እንዳልተያዘች አስታውስ፣ ታኮው ለዚህ ነው። መሪው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እስከ ታች አውርደው። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀልና ጠብቅ። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ኃይል ይይዛል፤ መመሪያዎች የሚሉት ደቂቃ ይለያያል፣ 15 ደቂቃ ብትጠብቅ ምንም አይጎድልብህም። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካየህ የኤርባግ ነው። አትንቀለው፣ በቴስተርም አትንካው።

ፕላስቲኩ ቅርፊት ሁለት ግማሽ ነው፣ ላይና ታች። ብሎኖቹ ከስር ናቸው፣ ባለ መስቀል ወይም ባለ ኮከብ ራስ። ባለ ኮከቡን በሌላ ነገር ለመፍታት አትሞክር፣ ራሱ ይበላና ሥራው በእጥፍ ይረዝማል። መሪው ከፍ ዝቅ ማድረጊያ እጀታ ካለው በብዙዎቹ እንደ ብሎን ዞሮ ይወጣል። በአንዳንድ የፎርድ ዓይነቶች የላይኛው ቅርፊት የሚወጣው የቁልፍ ማስገቢያው ሲሊንደር ከወጣ በኋላ ነው፤ ቁልፉ አንድ ደረጃ ይዞራል፣ ከስር ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ፒኗ ገፋ ትደረጋለች፣ ሲሊንደሩ ይሳባል። ብሎኖቹ ወጥተው ቅርፊቱ አልላቀቅ ካለ አትገንጥለው። ወይ የረሳኸው ብሎን አለ፣ ወይ ጎኑ ላይ የተያያዘ ጥርስ አለ። የደረቀ ፕላስቲክ ጥርሱ በቀላሉ ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ አዲሱን ጎማ የሚይዘው ነገር የለም፤ በብዙ መኪኖች የጎማው ሰፊ ጠርዝ የሚያዘው በሁለቱ ቅርፊት መሃል ተጨምቆ ነው።

እጀታው ጫፍ ላይ ቁልፍ ካለ፣ ለምሳሌ የመጨረሻውን ፈጣን ማርሽ ማጥፊያ ወይም ጭነት ሲጎተት የሚበራው፣ ሽቦው በእጀታው በኩል ወደ ዘንጉ ይወርዳል። እጀታውን ሳብ ብታደርገው ሽቦው ይበጠሳል። ሶኬቱን ፈልገህ ንቀል፣ ከየትኛው ነገር ስር እንደሚያልፍ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ሶኬቱ በጠባቡ ቀዳዳ አልፎ መመለስ ያለበት ከሆነ ጫፉ ላይ ሲባጎ እሰር። ሽቦው ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ይቀራል፣ ሲመለስ በእሱ ትስበዋለህ። ሽቦውን በካቻቢቴ እየገፋህ ግማሽ ቀን ከመፍጀት ያድንሃል።

ፒኗን ስታወጣ መዶሻ አታብዛ። አውራ ጥንቃቄዬ ይሄ ነው። የመሪ ዘንግ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ደረትህን እንዳይወጋ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ለ1967 ሞዴሎቹ ካስገባው በኋላ የተለመደ ሆኗል። ይሄን የሚያደርጉት በቀላሉ እንዲቆረጡ የታሰቡ የፕላስቲክ ፒኖች ወይም እንዲጨማደድ የተሠራ ብረት ነው፤ ዘንጉን በርዝመቱ በመዶሻ ከመታኸው ሳይጋጭ ልታበላሸው ትችላለህ፣ ለዓይን ግን አይታይም። ስለዚህ የእጀታዋን ፒን ስትመታ ከተቃራኒው በኩል ቀለበቱን በከባድ ብረት ደግፍ፣ ከፒኗ ትንሽ የሚቀጥን ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብረት ተጠቀም፣ ቀለል ባለ ምት። ከዚህም የሚሻለው ትንሽ የእጅ ሞርሳ ነው። በአንድ በኩል ብረቱን ፒኗ ላይ ታስቀምጣለህ፣ በሌላው በኩል ፒኗ የምትወጣበት ባዶ ቡሽ ወይም የብሎን መፍቻ ራስ፣ ከዚያ ታጠብቃለህ። ፒኗ ሳትጮህ ትወጣለች። መምታት የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ቦታ ከጠበበህ ታገስ፣ ሞርሳው ካልገባ ብቻ ወደ መዶሻ ሂድ። ፒኗ ስትወጣ ስር ጨርቅ አንጥፍ፤ በአንዳንድ መኪኖች እጀታው ሥር እንዳይንኳኳ የምታደርግ ትንሽ ሞላ ወይም ስስ ብረት አለች፣ እሷ ወድቃ ከጠፋች ነው በኋላ «ከተሠራ ወዲህ ይንኳኳል» የሚባለው።

እጀታው ወጣ። አሁን የተሰበሰበውን አቧራ በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ አውጣ። የሚነፋ ዘይት ውስጥ አትርጭ፣ እዚያ የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች አሉ፣ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። እጀታው የሚገባበት ጫፍ ላይ ጥቂት ግራሶ ይበቃል፤ ጎማው የሚነካው ቦታ ላይ ግን ተራ ግራሶ አይሁን፣ የሲሊኮን ግራሶ ይሁን። ቀዳዳውን በዚህ አጋጣሚ እየው። አዲሷን ፒን በጣትህ ስትገፋት ያለ ምንም ችግር ከገባች ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው። አቁምና መጀመሪያ ያልኩህን እጀታ ወይም ቀለበት ግዛ።

አዲሱን ጎማ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ይለሰልሳል። የሳሙና ውሃ እጀታው ላይ ቀባና እያዞርክ አስገባው። ጠባቡ አፍ ወደ እጅ መያዣው፣ ሰፊው ወደ ዘንጉ። ጎማው ላይ የሚወጣና የሚገባ ጎን አለው፣ ከፍ ያለው እጥፍ የት እንደነበር ከአሮጌው ጋር አስተያይ። ለዚህ ነው አሮጌውን ወዲያው መጣል የማያስፈልገው። ከመግጠምህ በፊት የሳሙናውን ውሃ ጥረግና አድርቅ። ሽቦውን በሲባጎው ሳበው፣ እጀታውን አስገባ፣ ቀዳዳዎቹን በትክክል ግጠም፣ ፒኗን በሞርሳው ገፍተህ ከሁለቱም በኩል እኩል አስገባት። ጎልታ የወጣች ፒን ሲዞር ቅርፊቱን ትቧጥጣለች። ቅርፊቱን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ግጠምና የጎማው ጠርዝ ዙሪያውን በሙሉ ማረፊያው ውስጥ መግባቱን በጣትህ ዳስስ። አንድ ጥግ ከወጣ ጎማው በዚያ በኩል ይሳባል፣ በቅርቡም ይቀደዳል።

ባትሪውን መልሰህ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፣ ፍሬን ረግጠህ እጀታውን ከፒ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ፒ ውሰደው። በእያንዳንዱ ቦታ እጅህን ልቀቅ። ባለበት መቆም አለበት፤ ጎማው መልሶ የሚጎትተው ከሆነ የተጠማዘዘ ወይም ልኩ ያልሆነ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ በፒ እና በኤን ብቻ መነሳቱን፣ በሌሎቹ አለመነሳቱን፣ አር (የኋላ ማርሽ) ላይ የኋላ መብራቱ መብራቱን፣ ቁልፉ የሚወጣው በፒ ብቻ ከሆነም እንዲያ መሆኑን ሞክር። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በርቶ ከቆየ ነገሩን አትናቀው፣ ኮዱ ይነበብ። በመጨረሻ ለስላሳ ተዳፋት ላይ፣ ፊት ለፊትህ ሰውም መኪናም በሌለበት፣ ፒ ላይ አድርገህ እግርህን ከፍሬኑ ሳታርቅ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ትንሽ ተንቀሳቅሳ ቀጥ ማለት አለባት። ትርርር የሚል ድምፅ ካሰማች ወይም መንሸራተት ከቀጠለች ፍሬን ያዝ፤ የጎማው ሥራ አልቋል፣ የሚቀረው የገመዱና የቡሹ ሥራ ነው፣ እሱን ለመካኒክ ስጥ። ገመዱን በግምት ማስተካከል በጎማው ሥራ ላይ የሚጨመር አይደለም፣ መኪናዋ ከፍ ተደርጎ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ማንሻ በትክክል ፒ ላይ ሆኖ ነው የሚስተካከለው።

እስከዚያ መንዳትህን በተመለከተ፣ በተቀደደው ጎማ ብቻ ከሆነ ንዳ። የተንጠለጠለውን ቁራጭ ቆርጠህ ጣለው፣ እጀታው መሄጃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ቀዳዳው አጠገብ ሳንቲምም ሌላ ትንሽ ነገርም አታስቀምጥ። ፍተሻው የፒን መላላት ብቻ ካሳየህ ወደ ሥራ ቦታው ድረስ በእርጋታ ልትነዳት ትችላለህ፣ ስታቆም ሁልጊዜ የእጅ ፍሬን ይዘህ። ጠቋሚውና ካምቢዮው የማይገጥሙ ከሆነ፣ ወይም ፒ ላይ ሆና አንዴም ቢሆን ከተንሸራተተች፣ አትንዳት። ታኮ አድርገህ ባለችበት ተዋትና መካኒኩን ወዳለችበት ጥራ።